ነጭ ቫን ሲታደን ያለፈችው ሰማያዊ መኪና

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2002፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ አራት ሰዎች ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተገደሉ። አንዱ በማሽን ሣር ያጭድ ነበር። አንዱ ታክሲውን ነዳጅ እየሞላ ነበር። አንዲት ሴት መንገድ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ሌላዋ ነዳጅ ማደያ ቆማ የመኪናዋን ውስጥ ታጸዳለች። እያንዳንዳቸው የሞቱት በአንድ ጥይት ነው። ተኳሹን ያየ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ዊተን ውስጥ አንድ ሰው በሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ተመትቶ ወድቋል፤ በዚያው ሐሙስ ማታ ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ ጆርጂያ አቬኑ ላይ የ72 ዓመት አዛውንት ተገደሉ። ግድያው እስከ ኦክቶበር 22 ቀጠለ። በዋሽንግተን ዙሪያ ብቻ 10 ሰው ሞተ፤ 3 ቆሰለ።

ያን ወር እዚያ የኖረ ሐበሻ አይረሳውም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተንና ጆርጂያ አቬኑ ያን ጊዜም የእኛ ሰው የሚኖርባቸው፣ የሚነግድባቸውና ታክሲ የሚነዳባቸው ሰፈሮች ነበሩ። ሰው ነዳጅ ሲቀዳ ከመኪናው ጀርባ ያጎነብስ ነበር። አንዳንድ ማደያዎች ደንበኛ እንዳይታይ ሸራ ጋረዱ። ትምህርት ቤቶች ልጆችን ከክፍል ውጭ ማጫወት አቆሙ። ኦክቶበር 7 ቀን ቦዊ ውስጥ አንድ የ13 ዓመት ተማሪ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲመታ፣ ልጁን ለማድረስ ከቤት የሚወጣው ወላጅ ሁሉ የሚሄድበትን መንገድ መምረጥ ጀመረ።

ከሃያ ዓመት በላይ ያለፈውን ጉዳይ የማነሣው ስለ ተከታታይና ስለ ጅምላ ግድያ ያለን ግንዛቤ የተሳሳተበት ቦታ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ነው። ፊልሙም፣ ዜናውም፣ ለረጅም ጊዜ ጥናቱም የገዳዩን አእምሮ ሲመረምር ኖሯል። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ እነዚህን ግድያዎች የሚያበዛቸው የገዳዩ ብልጠት አይደለም። አንዱ ቢሮ ያወቀውን ሌላው ቢሮ አለማወቁ፣ አንዲት ሴት የጮኸችው የቤት ጉዳይ ተብሎ መቆጠሩ፣ የአንዳንዱ ሟች መዝገብ ከሌላው ዘግይቶ መከፈቱ ነው።

ጉዳዩ መጀመሪያ ነገር በመዝገበ ቃላቱ አልገባም አለ። ወንጀል አጥኚዎች ለረጅም ጊዜ ሦስት ሣጥን ነበራቸው። በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የሚገድለው የጅምላ ገዳይ ይባላል። እየገደለ በመሐል ወደ ተለመደ ኑሮው የሚመለሰው ተከታታይ ገዳይ ነው። ሳያርፍ ከቦታ ቦታ እየዞረ የሚገድለው ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነበር። የዋሽንግተኑ ጉዳይ ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ አለው፦ በአንድ ጠዋት አራት ሰው፣ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ከተማ። ኤፍቢአይ በ2005 ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ላይ አጥኚዎችን ሰብስቦ ካወያየ በኋላ ሦስተኛው ሣጥን ለመርማሪ የሚጠቅመው ነገር የለም ተባለና ቀረ፤ ተከታታይ ግድያ ማለትም በተለያየ ጊዜ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው መግደል ሆነ። ቁጥሩን ዝቅ ማድረጉ የፊደል ጉዳይ ይመስላል እንጂ ትርጉሙ ትልቅ ነው። ፖሊስ ሦስተኛ ሬሳ እስኪገኝ ሳይጠብቅ ሁለት መዝገቦችን ጎን ለጎን እንዲያስቀምጥ ፈቃድ ሰጥቶታል።

ወደ አእምሮው ጥናት እንመለስ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኤፍቢአይ ባልደረቦች፣ ከእነሱም ሮበርት ረስለርና ጆን ዳግላስ፣ እስር ቤት እየዞሩ 36 ነፍሰ ገዳዮችን አነጋገሩ። ከዚያ የወጣው ትልቁ ሐሳብ ገዳዮችን ለሁለት የሚከፍል ነበር፤ አንዱ አስቦ፣ አቅዶና ማስረጃ አጥፍቶ የሚሄድ፣ ሌላው በደመ ነፍስ ገድሎ ሁሉን ነገር ዝርክርክ አድርጎ የሚተው። ይህ ክፍፍል በመላው ዓለም የፖሊስ ትምህርት ሆነ፤ ፊልም ሠሪዎችም ወደዱት። በ2004 እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ካንተርና ባልደረቦቹ የ100 ተከታታይ ገዳዮችን 100 ግድያዎች ወስደው ክፍፍሉ በእውነት ይታይ እንደሆነ ፈተሹ። አልታየም። አብዛኛው ገዳይ የሁለቱንም ምልክት ቀላቅሎ የያዘ ሆነ። ከወንጀሉ ቦታ ተነሥተን የገዳዩን መልክ፣ ዕድሜና ዘር እናውቃለን ማለት ምን ያህል ደካማ መሠረት ላይ እንደቆመ ያን ጊዜ በግልጽ ታየ። ለዋሽንግተን ግን ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነበር።

በዚያ ኦክቶበር ቴሌቪዥኑን የሞላው የባለሙያዎች ግምት ነበር። ብዙዎቹ ገዳዩ ብቻውን የሚንቀሳቀስ ነጭ ወንድ ነው አሉ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ምስክር ከግድያ ቦታ ሲርቅ አየሁት ያለው ነጭ የዕቃ መኪና ደግሞ ወደ ነጭ ቫን ተለወጠና የመላው አካባቢ ዓይን እሱ ላይ ተተከለ። የቧንቧ ሠራተኛው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውና የአበባ አመላላሹ ሁሉ በአውራ ጎዳና እየቆሙ ተፈተሹ። ያን ጊዜ የዋሽንግተን ከተማ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ቻርልስ ራምሲ በኋላ እንደተናገሩት፣ ሲታደን የነበረው ነጭ ቫን ውስጥ ያለ ነጭ ሰው ነው፤ የተገኙት ግን ሰማያዊ መኪና ውስጥ ያሉ ጥቁሮች ናቸው።

ሰማያዊዋ መኪና የ1990 ሼቭሮሌት ካፕሪስ ናት፤ ቀድሞ የፖሊስ መኪና የነበረች፣ ከኒው ጀርሲ በ250 ዶላር የተገዛች። የኋላ መቀመጫዋ ወደ ዕቃ መጫኛው እንዲያሳልፍ ተደርጓል፤ ከታርጋዋ በላይ ጠመንጃ የሚወጣበት ቀዳዳ ተበስቷል። ተኳሹ ከኋላ ተኝቶ ይተኩሳል፣ ሌላው ይነዳል። ፖሊሶች በየቦታው ታርጋዋን በኮምፒውተር ቢያንስ 10 ጊዜ ፈትሸው ተሰረቀች የሚል ስለሌለባት አሳልፈዋታል። ኦክቶበር 8 ቀን ባልቲሞር ውስጥ አንድ ፖሊስ ሹፌሩን መኪናው ውስጥ ተኝቶ አግኝቶት መንጃ ፈቃዱን አይቶ ለቆታል። ፖሊሱ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የተነገረውን ነው የፈለገው። የተነገረው ግን ስህተት ነበር፤ ስህተት መሆኑን የሚያውቅ ደግሞ አንድም ቦታ አልነበረም።

ታዲያ እንዴት ተያዙ? ይህ ክፍል ነው በተደጋጋሚ መነገር ያለበት። መፍትሔው ከዋሽንግተኑ ታላቅ ምርመራ አልተገኘም። ከአንድ ወር በፊት፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን፣ አላባማ ውስጥ በሞንጎመሪ ከተማ በአንድ መጠጥ መደብር ሁለት ሠራተኞች ተተኩሶባቸው አንዷ ሞታለች። አንድ ወጣት በእግሩ ሲሸሽ ፖሊስ አባሮት ሳይደርስበት ቀርቷል፤ የወደቀ የጦር መሣሪያ መጽሔት ግን ተገኝቷል፤ መጽሔቱ ላይ ደግሞ የጣት አሻራ አለ። አሻራው በክፍለ ግዛቱ መዝገብ ሲፈለግ ባለቤት አልተገኘለትም። መዝገቡም ከአንዲት ሠራተኛ ግድያ ጋር እዚያው አላባማ ቁጭ አለ።

ከዚያ ገዳዮቹ ራሳቸው ደወሉ። ገንዘብ መደራደር ፈልገው ወደ ፖሊስ ሲደውሉ የቀልድ ደዋይ መስለው ታይተው ነበር፤ ኦክቶበር 19 ቀን ቨርጂኒያ አሽላንድ ላይ በተገኘው ደብዳቤ 10 ሚሊዮን ዶላር ሲጠይቁ የደወልነውን እንደ ቀልድ ቆጠራችሁት ብለው በቁጣ ጽፈዋል። በመሐሉ ለአንድ የካቶሊክ ቄስ ደውለው የአላባማውን ሞንጎመሪ ጠቅሰዋል። ቄሱ ያሉትን መርማሪዎች ሲከታተሉ ያ አሻራ ከመደርደሪያ ወጣ፤ በፌዴራሉ መዝገብ ሲፈተሽ ባለቤቱ ወዲያው ተገኘ። ሊ ቦይድ ማልቮ፣ የ17 ዓመት ጃማይካዊ፤ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የኢሚግሬሽን ፖሊሶች በ2001 መጨረሻ ይዘው አሻራውን ወስደውታል። ከታኮማ ደግሞ አንድ ሰው ስለ ቀድሞ ወዳጁ ስለ ጆን አለን መሐመድ ለኤፍቢአይ ደውሎ ጥርጣሬውን ተናግሮ ነበር። ሁለቱ ስሞች ተገጣጠሙ፤ ከስሞቹም ወደ ሰማያዊዋ መኪና ተደረሰ። መኪናዋና ታርጋዋ በዜና ሲነገር የሰማ የጭነት መኪና ሾፌር ኦክቶበር 24 ሌሊት ከማየርስቪል አጠገብ በመንገድ ዳር ማረፊያ አያትና ደወለ። ሁለቱም ተኝተው ተያዙ።

ከአላባማው ግድያ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ በዚያው ሴፕቴምበር 21 ውድቅት ላይ፣ አትላንታ ውስጥ የ41 ዓመት ሐበሻ ስደተኛ አንድ የመጠጥ መደብር ለመዝጋት እያገዘ ሳለ በሽጉጥ ተገድሎ ነበር። እሱንም የገደሉት እነዚሁ ሰዎች መሆናቸው የታወቀው ከተያዙ በኋላ በጥይት ምርመራ ነው። እስከዚያ ድረስ መዝገቡ በትልልቅ ከተሞች በየሌሊቱ ከሚከፈቱት የመጠጥ መደብር ግድያዎች አንዱ ነበር። ሌሊት ሱቅ የሚሸጥ፣ ማደያ የሚጠብቅ፣ ታክሲ የሚነዳ ዘመድ ያለው ሁሉ እንዲህ ያለ መዝገብ ምን ያህል ቶሎ አቧራ እንደሚለብስ ያውቃል። ሁለቱ ገዳዮች ፍርድ ቤት የቆሙት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ብቻ ነው። የአትላንታው ቤተሰብ ያጣውን ሰው ስም በብዙ ዘገባ ውስጥ የሚያገኘው ከዋሽንግተኑ ዝርዝር በኋላ፣ በሌሎች ግድያዎች ረድፍ ውስጥ ነው።

ስቲቨን ኤገር የተባለው አሜሪካዊ አጥኚ ይህንን በ1980ዎቹ ተናግሮት ነበር። ተከታታይ ገዳይን ለመያዝ ትልቁ እንቅፋት፣ ይላል፣ ፖሊሶች ከአጥር ማዶ ያለውን ጎረቤት መዝገብ አለማየታቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ማዕከል የሚታዘዝ ፖሊስ የለም፤ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ የየራሳቸው አዛዥ፣ በጀትና ኮምፒውተር ያላቸው። ፒርስ ብሩክስ የተባለ የሎስ አንጀለስ መርማሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ ገዳይ ሌላም ቦታ ገድሎ ይሆናል ብሎ ሲጠረጥር የነበረው አማራጭ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየሄደ የሌሎች ከተሞችን ጋዜጣ ማገላበጥ ብቻ ነበር። ኮምፒውተር ይገዛልኝ ብሎ ያመለከተውም ለዚሁ ነው። ምኞቱ የተፈጸመው በ1985 ነው፤ ኤፍቢአይ ከመላው አገር የግድያ መረጃ የሚሰበስብበትን ቫይካፕ የተባለውን ማዕከል ሲከፍት የመጀመሪያው ኃላፊ ራሱ ብሩክስ ሆነ። ሆኖም ያ ማዕከል ዛሬም ሙሉ አይደለም። መረጃ መላክ በአብዛኛው በየፖሊስ ጣቢያው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ብዙው ጣቢያ አይልክም።

ባይላክም ግን ቁጥር ይናገራል፤ ሰሚ ካለ። ቶማስ ሃርግሮቭ የተባለ ጋዜጠኛ ከኤፍቢአይ የግድያ መዝገቦች ውስጥ ያልተፈቱ ተመሳሳይ ግድያዎች የተከማቹበትን ቦታ የሚለይ የኮምፒውተር ስሌት ሠራ። በኢንዲያና ክፍለ ግዛት ጌሪ በተባለች ከተማ ታንቀው የተገደሉ ሴቶች ቁጥር ከልክ ያለፈ ሆኖ ስላገኘው በ2010 ለከተማው ፖሊስ ጻፈ። መልስ አላገኘም። በ2014 ዳረን ቫን የተባለ ሰው በአጎራባች ከተማ አንዲት ሴት ገድሎ ሲያዝ ሌሎቹን ራሱ እየመራ አሳየ፤ በኋላም ሰባት ሴቶችን መግደሉን አምኖ ተፈረደበት። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሃርግሮቭ ከጻፈ በኋላ የተገደሉ ናቸው። እኔ ይህን ሳነብ የሚያንገበግበኝ ገዳዩ አይደለም፤ ያ ሳይመለስ የቀረ ደብዳቤ ነው።

ኤገር ሌላም የተናገረው አለ፦ አንዳንድ ሰው ሲሞት ሕብረተሰቡ ሞቱን ከሌላው ሞት ያነሰ ያደርገዋል። ሳሙኤል ሊትል ከ1970 ጀምሮ ለ35 ዓመታት 93 ሰው ገድያለሁ ብሎ ተናዘዘ፤ ኤፍቢአይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን አረጋግጧል። በአሜሪካ ታሪክ ከእሱ በላይ የገደለ ተከታታይ ገዳይ አልተመዘገበም። ጥበበኛ ስለሆነ አልነበረም፤ በተለያዩ ክፍለ ግዛቶች ደጋግሞ ተይዞ ደጋግሞ ተለቋል። የመረጣቸው በአብዛኛው ድሃ፣ ሱሰኛ ወይም ጎዳና ላይ የሚውሉ ጥቁር ሴቶችን ነው፤ የአንዳንዶቹ ሞት የመድኃኒት ብዛት ወይም አደጋ ተብሎ ተዘግቷል። ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥም እንዲሁ። ሮበርት ፒክተን በ1997 አንዲት ሴት በስለት ወግቶ ተከሰሰ፤ ክሱ በ1998 መጀመሪያ ተቋረጠ። ያን ጊዜ የተያዘበት ልብስ ሳይመረመር ቆይቶ በ2004 ሲመረመር የሁለት ጠፍተው የቀሩ ሴቶች ዘረመል ተገኘበት። በመሐሉ ከዚያች የከተማ ክፍል ሴቶች መጥፋታቸው አላቆመም፤ ብዙዎቹ የአገሬው ተወላጆች ናቸው። በ2012 የወጣው የዋሊ ኦፓል አጣሪ ኮሚሽን ዘገባ ፖሊስ ለእነዚህ ሴቶች የሰጠው ዋጋ ዝቅተኛ እንደነበር በግልጽ ጽፏል።

ደስ የሚለው ለውጥ ተከታታይ ግድያ በአሜሪካ መቀነሱ ነው። በ1980ዎቹ ጣሪያ ነክቶ ከዚያ ወዲህ እየወረደ ነው። አንዱ ምክንያት በ1998 ሥራ የጀመረው የአገር አቀፍ የዘረመል መዝገብ ነው፤ ገዳይ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ይያዛል እንጂ አሥረኛው ላይ አይደርስም። የእስራት ዘመን መርዘሙ፣ የስልክና የካሜራ መብዛት፣ መንገድ ዳር ቆሞ የማያውቁት ሰው መኪና ላይ መሳፈር መቅረቱም አስተዋፅኦ አላቸው። ሙሉ በሙሉ መጽናናት ግን አይቻልም፤ በ1960ዎቹ ከአሜሪካ ግድያዎች 90 በመቶ ያህሉ ተጠርጣሪ ይያዝባቸው ነበር፤ በ2020 አካባቢ ወደ ግማሽ ወርዷል። ባልተፈታው ግማሽ ውስጥ ማን እንዳለ የሚያውቅ የለም።

በአደባባይ የሚፈጸመው የጅምላ ተኩስ ግን በዚያው ዘመን ብሷል። ይህ በባሕርዩ ሌላ ነው። ተከታታይ ገዳይ መደበቅ ይፈልጋል፤ የጅምላ ገዳይ ብዙውን ጊዜ መታወቅና እዚያው መሞት ይፈልጋል። ስለዚህ ከድርጊቱ በፊት ይናገራል። የአሜሪካ ሲክሬት ሰርቪስ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር በ2002 ባወጣው ጥናት 37 የትምህርት ቤት ጥቃቶችን መርምሮ ከ81 በመቶው በፊት ቢያንስ አንድ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ጓደኛ ወይም ወንድም፣ ነገሩን ያውቅ እንደነበር አገኘ። መረጃው አለ። እንደገና ችግሩ የሚሄድበት ማጣቱ ነው።

ቨርጂኒያ ቴክ የዚህ ማሳያ ናት። ኤፕሪል 16 ቀን 2007 አንድ ተማሪ 32 ሰው ገደለ። የእንግሊዝኛ መምህራኑ በጽሑፉ ተደናግጠው አመልክተው ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፖሊስ በሌላ ጉዳይ ያውቀዋል። የተማሪ ቤቱ ኃላፊዎች በሌላ ያውቁታል። በዲሴምበር 2005 አንድ ዳኛ ለራሱ አደጋ ነው ብሎ በተመላላሽ እንዲታከም አዝዟል። እነዚህ ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጡም። የዳኛውም ትዕዛዝ የጦር መሣሪያ ገዥን ወደሚያጣራው የፌዴራል መዝገብ ስላልገባ ልጁ ሁለት ሽጉጥ ከሕጋዊ መደብር ገዛ። ቨርጂኒያ በ2008 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ መምህሩን፣ ሐኪሙን፣ ፖሊሱንና አስተዳዳሪውን የሚያገናኝ የስጋት ገምጋሚ ቡድን እንዲያቋቁሙ በሕግ አስገደደች፤ በ2013 ግዴታው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ወረደ። እነዚህ ቡድኖች ማንን እንሰር ብለው አይነሡም። ልጁን ይጠሩታል፣ ያናግሩታል፣ ቤቱ መሣሪያ እንዳለ ይጠይቃሉ፣ ሕክምና ያገናኙታል። እኔ በዚህ ዘርፍ ካየሁት ሁሉ ተስፋ የሚሰጠኝ ይህ ነው፤ ገዳይን ለመተንበይ ሳይሞክር የተበተነውን መረጃ አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሚያመጣ።

አሁን ወደ ዋሽንግተኑ ጉዳይ ሥር እንውረድ። መሐመድ ምን ፈለገ? ማልቮ በ2006 ሜሪላንድ ላይ ሲመሰክር የተናገረው ዕቅድ የተዘበራረቀ ነው፤ በየቀኑ ስድስት ነጭ መግደል፣ ከዚያ ቦምብ፣ ከዚያ ገንዘብ ተቀብሎ ካናዳ ሄዶ ልጆች ሰብስቦ ማሠልጠን። የቀድሞ ሚስቱ ሚልድረድ መሐመድ ግን ከመጀመሪያው አንስታ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ ዒላማው እኔ ነበርኩ። በ2000 ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ውስጥ ዛቻውን ለፍርድ ቤት ተናግራ የጥበቃ ትዕዛዝ አውጥታበታለች። እሱ ሦስት ልጆቻቸውን ይዞ ወደ አንቲጓ ተሰወረ፤ በ2001 ፍርድ ቤት ልጆቹን መለሰላትና ወደ ሜሪላንድ ሸሸች። መሐል ከተማው ላይ በዘፈቀደ የሚገድል ሰው አለ ተብሎ ሲታመን እሷ ብትሞት ማንም ወደ እሱ ጣቱን እንደማይቀስር አስቦ ነው፣ ትላለች። ፍርድ ቤት ይህን በማስረጃ ደረጃ አላጸደቀውም። ነገር ግን የመጀመሪያው ግድያ ሲታይ ክርክሯ በቀላሉ አይወድቅም። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2002 ታኮማ ውስጥ አንዲት የ21 ዓመት ወጣት በር ስትከፍት ተተኩሶባት ሞተች። ሊገደል የታሰበው አክስቷ ነበረች፤ አክስቷ በልጆቹ ክርክር ጊዜ ከሚልድረድ ጎን የቆመች ሴት ናት።

ስለዚህ ያ አገር ያናወጠ ተከታታይ ግድያ በአንድ ቤት ደጃፍ፣ በአንድ የፍቺ ክርክር ነው የተጀመረው። የተለየ አጋጣሚም አይደለም። ከ2014 እስከ 2019 አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ አራት ሰው የሞተባቸውን የጅምላ ተኩሶች ያጠኑ ባለሙያዎች በ68 በመቶው ወይ ከሟቾቹ ቢያንስ አንዱ የገዳዩ ቤተሰብ ወይም የትዳር አጋር ነበር፣ ወይም ገዳዩ ቀድሞ በቤት ውስጥ ጥቃት የሚታወቅ ነበር ብለዋል። የወንጀል ጥናቱ ለዓመታት በሩቁ ሲፈልገው የኖረው ምልክት በአብዛኛው እዚያው ቤት ውስጥ ነበር።

ስለ ማልቮም ሳይነገር ማለፍ አይገባም። ልጁን እናቱ ብቻዋን ስትንከራተት አሳደገችው፤ አንቲጓ ላይ ብቻውን ቀርቶ መሐመድ አገኘው፤ አባት ሆነለት፤ ከዚያ ተኩስ አስተማረው። መሐመድ ኖቬምበር 10 ቀን 2009 ቨርጂኒያ ውስጥ በሞት ተቀጣ። ማልቮ ደግሞ በሁለቱም ክፍለ ግዛቶች ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ አመክሮ በሌለው ዕድሜ ልክ በግዴታ መቅጣት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ካለ በኋላ፣ የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኦገስት 2022፣ 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ ቅጣቱ እንደገና ይታይ አለ። በዚያው ወር የቨርጂኒያ አመክሮ ቦርድ ጥያቄውን አልተቀበለም። የሟች ቤተሰቦች ሐዘን እንደገና ተቆፍሮ ሲወጣ ማየት ከባድ ነው፤ ቁጣቸውንም እረዳለሁ። ቢሆንም አንድ ብቻውን የቀረ ልጅ እንዴት ገዳይ እንደተደረገ ሳይጠና ቢቀር ጥናቱ ራሱ ጎዶሎ ይሆናል። ልጅን ለጦርነት የሚመለምሉ ሁሉ የሚከተሉት መንገድ ይኸው ነው፤ እናቱንና ቤቱን ያጣውን ይመርጣሉ።

ጠመንጃው ደግሞ ከታኮማ መደብር የወጣ ነው። መሐመድ በጥበቃ ትዕዛዙ ምክንያት በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ አይችልም፤ ማልቮ ዕድሜውም የኢሚግሬሽን ሁኔታውም አይፈቅድለትም። ማልቮ በኋላ እንደተናገረው ሰርቆ ወጣ። መደብሩ ጠመንጃው መጥፋቱን እንኳ አላወቀም፤ ሲመረመር የት እንደገቡ የማይታወቁ ከ200 በላይ መሣሪያዎች ተገኙ። በ2004 መደብሩና የጠመንጃው አምራች ለሟች ቤተሰቦች 2.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በማግሥቱ ዓመት ኮንግረሱ እንዲህ ያለውን ክስ በጣም የሚያጠብብ ሕግ አወጣ።

የጥበቃ ትዕዛዝ ያለበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክለው ሕግም በቅርቡ ፈተና ገጥሞት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2024 ራሂሚ በተባለው መዝገብ ላይ ሕጉ ይቁም ሲል 8 ለ 1 ወሰነ። ለእኔ ይህ ውሳኔ በተከታታይና በጅምላ ግድያ ታሪክ ውስጥ ከማንኛውም የአእምሮ ጥናት በላይ ክብደት አለው። ሕጉ ግን ወረቀት ላይ ነው። የሚሠራው አንዲት ሴት ስትናገርና የተናገረችው ተጽፎ መሣሪያውን ከሚሰበስበው ሰው እጅ ሲደርስ ነው።

እዚህ ላይ በእኛ ሰፈር ያለውን ልማድ ሳልነካ ባልፍ ለአንባቢ አልታመንም። በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን መካከል ባል ሲዝት መጀመሪያ የሚጠራው ሽማግሌ ነው፤ ፖሊስ የጠራችው ሚስት ገመና አወጣች ትባላለች፤ ልጆቹን አባት አሳጣቻቸው ትባላለች። ሽማግሌ ብዙ ቤት አድኗል፤ እሱን አልንቅም። ጠመንጃ ያለበትን ቤት ግን ሽማግሌ ማስታረቅ እንጂ መሣሪያውን ማስፈታት አይችልም። እገድልሻለሁ ያለ ሰው፣ ልጆቹን ይዤ እጠፋለሁ ያለ ሰው፣ መሣሪያ የገዛ ሰው የዕርቅ ጉዳይ አይደለም።

ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2018 ጀምሮ ለዚህ መንገድ ከፍታለች። ሚስት፣ ባል፣ ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ ሐኪም ወይም ፖሊስ አንድ ሰው በመሣሪያው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ነው ብሎ ለካውንቲው ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ ሲዘጋ ሌሊትም ሆነ እሑድ ኮሚሽነር የሚባለው ሹም ይቀበላል። ትዕዛዙ ከወጣ ሰውየው መሣሪያውን ያስረክባል። በቨርጂኒያ ከጁላይ 2020 ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አለ፤ ነገር ግን እዚያ ማመልከት የሚችለው ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ብቻ ስለሆነ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ፎልስ ቸርች የሚኖር ሰው የሚያውቀውን በቀጥታ ለፖሊስ መናገር አለበት፤ ሲናገርም ዛቻው የተነገረበትን ቀን፣ ቃሉንና የመሣሪያውን ዓይነት ጽፎ ቢይዝ ዳኛው ፊት የሚቀርበው እሱ ነው።